ጅማ የመጣ እንግዳ በምን ይረካል? በምንስ ይከፋል?

ጅረን ኮረብታ ላይ ወጥቶ የጅማውን ንጉሥ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቶ «ይሄን ለማየት ነው ያለፋችሁኝ?» ያለኝ እንግዳ አልገጠመኝም። ቅሬታ ግን ሞልቷል። ሽንት ቤት አልነበረም። ዋጋው መሃል ላይ ተቀየረ። ቡና ለቀማ ታያላችሁ ተብለን ያየነው ጭቃ ነው። አስጎብኚው የነገሥታት ስም ሲዘረዝር ዋለ። ልብ ካላችሁ ከእነዚህ አንዱም ስለ ቅርሱ አይደለም። ቅርሱ ሥራውን ሠርቷል። የተበላሸው እኛ የያዝነው በኩል ነው።

ጅማ ተወልጄ ያደግኩ፣ እንግዳ እያስጎበኘሁ የምኖር ሰው ነኝ። መጀመሪያ ላይ ዘመድ ጓደኛውን ይዞ ሲመጣ «እስቲ ከተማውን አሳያቸው» እየተባልኩ ነው የገባሁበት። ቀስ በቀስ እንጀራዬ ሆነ። ይህን የምጽፈው በጅማም ይሁን በሌላ ከተማ እንግዳ መቀበል ለጀመራችሁ ነው። ቤታችሁ ቡና ለምታፈሉ፣ መኪና ለምታከራዩ፣ ፔንሲዮን ለከፈታችሁ፣ ማኅበር አቋቁማችሁ ደን ለምታስጎበኙ። ሥልጠና ላይ ስለ ፈገግታና ስለ ዩኒፎርም ብዙ ይነገራል። ፈገግታ አይጠላም። ግን እንግዳውን የሚያረካው ሌላ ነው።

ከሁሉም በፊት እንግዳው ገና ሳይመጣ የሰማው ነገር አለ። ሪቻርድ ኦሊቨር የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት እርካታ የሚመጣው ሰው የጠበቀውን ካገኘው ጋር ሲያስተያይ ነው ብሎ ነበር። በኛ ቋንቋ፣ ትንሽ ጠብቆ ብዙ ያገኘ ይደሰታል፣ ብዙ ጠብቆ ትንሽ ያገኘ ይከፋዋል። ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን የምንጣላው በዚሁ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ጉዞውን የሚሸጠው ሰው የሚለጥፈው ፎቶ ቀይ የቡና ፍሬ፣ ጠራራ ፀሐይና ሳቂታ ልጅ ነው። እንግዳው የሚመጣው ደግሞ በሐምሌ ነው።

ስለዚህ የሚደውልልኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ወሩን ነው። እሸት ቡና ሲለቀም ማየት የፈለገ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይምጣ። ያኔ ቅርጫት የያዙ ለቃሚዎች፣ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ፍሬ፣ በየግቢው የተዘረጋ ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የሚደርቀውን ቡና፣ ያያል። የካቲትና መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው ያብባል። አበባው ነጭ ነው፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል፣ ግን ቶሎ ይረግፋል። ቀኑን ቆርጦ «አበባ ታያላችሁ» ማለት አይቻልም። ክረምት የሚመጣውን ሰው አልመልሰውም። ፍሬው አረንጓዴ እንደሆነ፣ ጫካው ግን በዓመቱ ካሉት ቀናት ሁሉ የሚያምርበት ጊዜ እንደሆነ፣ ቦቲ ጫማና የዝናብ ልብስ እንደሚያስፈልገው አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ጅማን ዝናብ እንደማይለቃት የማያውቅ ሰው ጭቃ ሲያይ ይናደዳል። ተዘጋጅቶ የመጣው ጭቃው ውስጥ ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

ይህን በመናገሬ የቀረብኝ እንግዳ አለ? አዎ፣ አንዳንዱ ይቀራል። በብስጭት ከሚመለስ ቢቀር ይሻለኛል።

ስለ መንገዱም እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በወልቂጤ አልፎ፣ ጊቤ በረሃ ወርዶ፣ ሙቀቱን ቀምሶ፣ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ የሚመጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ሲደርስ አንጎሉ አይሠራም። ብዙ ፕሮግራም ግን «ቀን 1፦ ጉዞ፣ ቤተ መንግሥት ጉብኝት» ይላል። ተዉት። የመጣበት ቀን ይታጠብ፣ ይብላ፣ አመሻሹ ላይ በእግሩ ትንሽ ይዘዋወር። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በቆየባቸው ዓመታት ከሠራቸው ቤቶች መሃል ከተማው ላይ የቀሩ አሉ፣ እነሱን እያየ ማኪያቶውን ይጠጣ። በአውሮፕላን የመጣ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ጅረን ላይ እንግዲህ ትንሽ ልቆይ።

ቤተ መንግሥቱ ከመሃል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የእንጨት ሥራ ነው፣ በረንዳው፣ ደረጃው፣ መቃኑ። ፎቁ ላይ ወጥቶ ጅማን ቁልቁል ማየት ብቻውን ያስመጣል። ግን አንድ ችግር አለ። ንጉሡና ቤተሰባቸው ሲገለገሉባቸው ከነበሩት ዕቃዎች ብዙዎቹ ለዓመታት የሚታዩት እዚያ ሳይሆን ከተማው ውስጥ ባለው ሙዚየም ነው። ቀጥታ ጅረን የወጣ ሰው «ቤቱ ያምራል፣ ግን ባዶ ነው» ብሎ ይወርዳል። ከዚያ ሙዚየም ሲገባ ደግሞ ወንበርና ዕቃ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ያያል፣ ደክሞታል፣ በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። ጠዋት ሙዚየም፣ ከዚያ ጅረን። ወንበሩን አይቶ የወጣ ሰው አዳራሹ ውስጥ ሲቆም ማን የት እንደተቀመጠ በዓይነ ኅሊናው ይስላል። ዋጋ አይጨምርም፣ ሰዓት አይጨምርም። እንግዳው ሲወርድ የሚያወራው ግን ይለያል።

ስለ ወሬ ከተነሳ፣ ዓመተ ምሕረት አትደርድሩ። ሁለቱ ይበቃሉ፦ አባ ጅፋር ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1878 ነገሡ፣ በ1932 አረፉ። መሃሉን በታሪክ ሙሉት። ገና በአፍላ ወጣትነታቸው ነው ሥልጣን የያዙት። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ብልህ አማካሪ ነበሩ። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲገፋ ጎረቤቶቻቸው ተዋግተው ተሸነፉ፣ ጅማ ግን ሳትዋጋ ገባሪ ሆነች። ግብሩ ቀላል አልነበረም። በምትኩ የውስጥ አስተዳደሯን ንጉሡ እስካረፉበት ዘመን ድረስ ይዛ ቆየች። እዚህ ላይ ዝም ብላችሁ እንግዳውን «አንተ ብትሆን ትዋጋ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ክርክሩ እስከ መኪናው ድረስ ይከተላችኋል። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር የሚባለውንም ንገሩ፣ «ይባላል» ብላችሁ። ልጆች ወዲያው በሩን መለካት ይጀምራሉ።

የሚከብድ ጥያቄም ይመጣል። ያነበበ እንግዳ ስለ ባሪያ ንግድ ይጠይቃል። ሂርማታ፣ የዛሬዋ ጅማ የበቀለችበት ገበያ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአካባቢው ስመ ጥር ከነበሩት የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር። የነጋዴዎቹ ሀብትም ሆነ የቤተ መንግሥቱ ገቢ ከዚያ ንግድ ነፃ አልነበረም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ጥያቄውን ያድበሰብሱታል፣ «እሱ ሌላ አገር ነው» ይላሉ። እንግዳው ደግሞ ያድበሰበሰለትን ሰው ከዚያ በኋላ አያምንም፣ ስለ ቡናውም ቢሆን። እኔ የማውቀውን እነግራለሁ። ሐጅ ለሚሄዱ መካ ውስጥ ማረፊያ ቤት እንዲኖር ያደረጉት ንጉሥም፣ ገበያውን የሚያስተዳድሩት ንጉሥም አንድ ሰው ናቸው። ቡድኑ ውስጥ አባ ጅፋርን እንደ አያቱ የሚወድ የጅማ ልጅ ካለ ይከፋው ይሆናል ብዬ እሰጋ ነበር። እስካሁን የገጠሙኝ ግን «እንዲህ ተደርጎ ነው እንጂ» ብለው ራሳቸው ይጨምሩበታል።

ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለው የድሮ መስጊድ ሰዎች የሚሰግዱበት ነው፣ ሙዚየም አይደለም። ዓርብ ቀትር ላይ ቡድን ይዞ መሄድ ለማንም አይበጅም። ሴቶች እንግዶች ሻሽ ይያዙ ብላችሁ ጠዋት ንገሩ፣ በር ላይ አይደለም። በር ላይ ሲነገር ተግሳፅ ይመስላል። ጠዋት ሲነገር ግን መረጃ ነው። በረመዳን ደግሞ ፕሮግራሙን በሙሉ አስቡበት። የጾመች ሴት ለእንግዳ ቡና ስታፈላ ማየት እንግዳውንም ያሸማቅቀዋል። ከኢፍጣር በኋላ ማታ አድርጉት። ያኔ ሾርባውም ሳምቡሳውም አለ፣ ሰፈሩም ነቅቶ ያመሻል።

ወደ ቡናው እንሂድ። ጅማ ለሚመጣ እንግዳ ቡና ዋናው ነገር ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። አገሪቱ «ምድረ ቀደምት» እያለች ራሷን ስታስተዋውቅ ከምትጠራቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ከጅማ በአጋሮ በኩል ተሂዶ ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ የምትባል ቦታ አለች፣ የቡና መገኛ ተብላ የምትጠራ። የካልዲና የፍየሎቹ ተረት እዚያ ሲነገር ደስ ይላል። ከፋዎች ደግሞ መገኛው እኛ ጋ ነው ይላሉ፣ ቦንጋ ላይ የቡና ሙዚየም አላቸው። እንግዳ «ታዲያ የቱ ነው?» ሲለኝ ዳኛ አልሆንም። የዱር ቡናው ለአስተዳደር ወሰን አይጨነቅም። ደግሞ ጅማ ራሷ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረችበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ሁለቱንም እነግራለሁ፣ ቀን ካላቸው ቦንጋም እንዲሄዱ እመክራለሁ። ጎረቤትን ማጣጣል ለጊዜው የሚያስቅ ቢመስልም እንግዳው ነገ እዚያ ሄዶ ሌላውን ሲሰማ ሁለታችሁንም ይታዘባል።

አሁን የቡናውን ሥነ ሥርዓት። ሆቴል በረንዳ ላይ ተቆልቶ ባደረ ቡና የሚደረግ አለ። ቄጠማው ፕላስቲክ ነው፣ ልጅቷ ለፎቶ ትስቃለች፣ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። እንግዳው አይሞኝም። ብዙ ጊዜ ምንም አይልም፣ ግን «ቆንጆ ነው» ብሎ ስልኩን ይከፍታል። ያኔ እንዳለቀ እወቁ።

እኔ የምወስዳቸው አጋሮ መንገድ ላይ አንዲት እናት ቤት ነው። እኛ ስለመጣን የሚለወጥ ብዙ ነገር የለም። ጥሬውን ቡና ታጥባለች፣ ብረት ምጣዱን ትጥዳለች፣ እየቆላች ከጎረቤቷ ጋር ያቋረጠችውን ወሬ ትቀጥላለች። ጭሱ ሲነሳ ምጣዱን አዙራ ለሁሉም ታስሸትታለች። እንግዳው ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ይገባዋል፣ «ወደራስህ ሳበው» እለዋለሁ። ከዚያ ሙቀጫውን ለእንግዳው ትሰጣለች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ዘነዘናውን ይዞ ሲወቅጥ ግማሹን ቡና መሬት ላይ ይበትናል፣ ልጆቹ ይስቁበታል፣ እሷም «ቀስ በል ልጄ፣ ጠላትህ አይደለም» ትለዋለች። እኔ አልተረጉምም። ገብቶታል። ከአቦል እስከ በረካ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። አቦሉን ጠጥቶ «ፕሮግራም አለን» ብሎ መነሳት ለእሷ ነውር ነው፣ ለእንግዳውም ኪሳራ። ብዙ ጊዜ ጥያቄ የሚጀመረው ቶና ላይ ነው። ልጆችሽ የት ይማራሉ? ቡና ዘንድሮ ስንት ገባ? እሷም መልሳ ትጠይቃለች፦ አንተ እዚያ አገር ብቻህን ነው ቡና የምትጠጣው? አንድ ጎልማሳ ጀርመናዊ ይህን ሲጠየቅ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለና ጎረቤቱን በስም እንደማያውቀው ነገራት። ከዚያ ቀን ጉብኝት የነገረኝ ሌላ ነገር የለም።

አንዳንዱ እንግዳ ስለ ቡና ቀላ አንብቦ ይመጣል፣ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ተቆልቶ የሚበላውን። ይህ የምርቃትና የደስታ ቀን ነገር ነው። ቤቱ ውስጥ ምክንያት ኖሮ ካጋጠመን ደስ ይለኛል። ለእንግዳ ሲባል አሠሩልን አልልም። አንዴ ለገንዘብ ከተሠራ በኋላ የሚቀጥለው ምርቃት ላይ ራሳቸው ቤተሰቦቹ እንደ ትርዒት ይሰማቸዋል።

እንግዳ አንድ ቤት ላይ እንዳይመላለስ አድርጉ የምለውም ለዚህ ነው። ያቺን እናት በየቀኑ ቡድን ብንወስድባት በወሩ ይሰለቻታል። ሲሰለቻት ወሬው ይቀራል፣ ወሬው ሲቀር እንግዳው የመጣበት ነገር የለም። ስለዚህ ቤቶቹ ተራ አላቸው፣ ራሳቸው ናቸው ተራውን የሚያወጡት። «ዛሬ አይመቸኝም» ካለች ይበቃል። ኢኮሞስ የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የባህል ቱሪዝም ቻርተር ላይ የጎብኚው ቆይታ የሚያረካ ይሁን ይላል፣ እዚያው ላይ ደግሞ የአካባቢው ሕዝብ በዕቅዱ ይሳተፍ፣ ይጠቀምም ይላል። ሰነድ ላይ ለየብቻ የተጻፈ ነው። ሙቀጫው አጠገብ ስትቀመጡ ግን አንድ ነገር ነው። ያልተመቻት እናት እንግዳ ማርካት አትችልም።

ገንዘብ። ብዙዎቻችን ማውራት እናፍራለን። «የልባችሁን» እንላለን። ለኛ ጨዋነት ነው፣ ለእንግዳው ግን ጭንቀት ነው። ቡናውን እየጠጣ በልቡ «ስንት ልስጥ? ቢያንስባትስ? እያጭበረበሩኝ ይሆን?» እያለ ነው። የሀበሻም እንግዳ እንደዚያው ነው፣ ዲያስፖራው ደግሞ ይብስበታል። ዋጋውን ጠዋት መኪና ውስጥ ንገሩ፦ ቡናው ይህን ያህል፣ መግቢያው ይህን ያህል፣ የኔ ይህን ያህል፣ ጉርሻ ግዴታ አይደለም። የቤቷ ክፍያ በእሷ እጅ ይግባ፣ በኔ በኩል አይዙር። እንግዳው ማን ስንት እንዳገኘ ሲያውቅ ዋጋው ወደድ ቢል እንኳ አይጨቃጨቅም። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። የሚያስከፋው ውድነቱ ሳይሆን ድብቅብቁ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ኮሚሽን ነው። በጅማ በርጩማ ላስረዳችሁ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዋንዛ፣ ጅማ የሚታወቅበት ሥራ ነው። እንግዳ ሱቅ ይወሰዳል። አስጎብኚውና ሹፌሩ ከሽያጩ ላይ ይቆርጣሉ። ባለሱቁ ያንን ለማካካስ ጠራቢውን ዋጋ ይጫነዋል። ጠራቢው በዚያ ዋጋ ግንዱ እስኪደርቅ ወራት መጠበቅ አይችልም፣ እርጥቡን ጠርቦ ቀለም ቀብቶ ያስረክባል። እንግዳው ደስ ብሎት ይገዛል። ፍራንክፈርት ወይም ዋሽንግተን ሲደርስ፣ ማሞቂያ ያለበት ደረቅ ቤት ውስጥ፣ በርጩማው ከመቀመጫው እስከ እግሩ ይሰነጠቃል። ለኔ ፎቶውን የላከልኝ አለ። ያልላኩልኝስ ስንት ይሆኑ? ጅማን የሚያስታውሳት በተሰነጠቀ እንጨት ነው። ቅሬታው ደግሞ እዚህ ማንም ጆሮ አይደርስም።

አሁን በቀጥታ ጠራቢው ጋ ነው የምወስዳቸው፣ ኮሚሽን የለም። በምትኩ የቀን ክፍያዬ ከፍ ብሏል፣ ይህንንም እነግራቸዋለሁ። ሲገዙ እንዲህ አድርጉ እላለሁ፦ በርጩማውን ገልብጣችሁ ከሥሩ ዳብሱት፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ ገና ነው። አንሱት፣ ከመጠኑ በላይ ከከበደ ውኃ ይዟል። እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበት ላይ የሙጫ ወይም የምስማር ምልክት ካለ ከአንድ ግንድ አይደለም። ማሽተትም ይረዳል። ጠራቢው ራሱ «ይሄን ተወው፣ ያንን ውሰድ» ሲል እንግዳው ሁለት ይገዛል። ዋንዛው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ እንግዳም እየበዛ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግቢው ጀርባ የተከለውን ችግኝ የሚያሳይ ጠራቢ ካላችሁ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ሐሙስ ካጋጠማቸው ገበያውን አሳዩአቸው። ስለ ገበያው ብዙ አልልም፣ ራሱ ይናገራል። ካሜራ ግን አንገት ላይ ሆኖ ይቆይ፣ ሰው ፈቅዶ ሲነሳና ተሰርቆ ሲነሳ ፊቱ ላይ ያለው ይለያያል። ከከተማው አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግም እንደዚሁ። ጉማሬው ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይታያል፣ አንዳንዴም አይታይም። «ወፍ እንይ፣ ጉማሬ ከወጣ ተመስገን» ብላችሁ ውሰዱ።

ደን ማየት ለሚፈልግ በለጠ ጌራ አለ፣ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ። እዚያ ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ የተጀመረ የአሳታፊ ደን አስተዳደር ሥራ ነው፣ የጫካ ቡናቸውም በ2007 ደን ሳይጎዳ ለተመረተ ምርት ማረጋገጫ ከሚሰጠው ከሬይንፎረስት አሊያንስ የምስክር ወረቀት አግኝቷል። ይህን እኔ ስናገረው እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ገበሬ ጥላ ዛፉን እየነካ «ይህን ብቆርጠው ቡናዬ ፀሐይ ይመታዋል» ሲል ግን ደብተር ይወጣል። ስለዚህ ደን ውስጥ የኔ ሥራ ዝም ማለትና መተርጎም ነው። አስጎብኚ ሆኖ ዝም ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ጉሬዛ ከላይ ካለፈ ደግሞ ሁላችንም ዝም እንላለን።

ሽንት ቤትን ረስቼ አይደለም። ማንም ስለማይጽፈው ልጻፈው። ከከተማ ሳትወጡ ሁሉም ይግባ። መኪና ውስጥ ሶፍት፣ ውኃና ሳሙና ይኑር። ቡና የምትጠጡበት ቤት ያለውን አስቀድማችሁ እዩት፣ በሩ ይዘጋል? ውኃ አለ? በተለይ ሴቶች እንግዶች ይህን ፈርተው ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጡም፣ ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት ይዟቸው ቤተ መንግሥቱም ደኑም አይታያቸውም። እኛ አንዱ ቤት ላይ ከየቡድኑ ክፍያ ትንሽ ትንሽ እያስቀመጥን በር፣ ቆርቆሮና የእጅ መታጠቢያ አሠራን። ከእንግዳው ይልቅ ቤተሰቡ ነው የሚጠቀምበት። ያም ጥሩ ነው።

የአገር ውስጥ እንግዳን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ብዙ አስጎብኚ ፈረንጅ ሲያይ ይነሳል፣ ሀበሻ ሲመጣ «ራሳቸው ይዩ» ይላል። ዓመቱን ሙሉ የሚያበላን ግን ሠርገኛው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊጠይቅ የመጣው ወላጅ፣ ለስብሰባ መጥቶ ቅዳሜን ያደረው ሠራተኛ ነው። ፍላጎታቸውም ይለያል። ወላጆቹ መቀመጫ፣ ጥላና ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይፈልጋሉ። ወጣቶቹ ፎቶ ይፈልጋሉ፣ ይስጧቸው፣ ፎቶው ካለቀ በኋላ ታሪክ ይሰማሉ። ከውጭ የመጣው የጅማ ልጅ ደግሞ የአያቱን ሰፈር ይፈልጋል። እሱን ቤተ መንግሥት አትውሰዱት፣ ሰፈሩን የሚያውቁ ኦቦ ፈልጉለት። እንባውን ጨርሶ ራሱ «ጅረን እንውጣ» ይላችኋል።

በመጨረሻ፣ አስተያየት እንዴት ትሰበስባላችሁ? ስንሰነባበት «እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። ሀበሻው በይሉኝታ፣ ፈረንጁ በትህትና «በጣም ቆንጆ» ይላል። እኔ ከሄዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ አንድ ጥያቄ ብቻ እልካለሁ፦ «ደግማችሁ ብትመጡ የቱን ትዘሉታላችሁ?» ምን ወደዳችሁ አልልም። የሚዘለውን መናገር ስድብ ስለማይመስል ሰው እውነቱን ይጽፋል። ለረጅም ጊዜ በብዛት ይመጣልኝ የነበረው መልስ ከሰዓት በኋላ የነበረው የሱቅ ጉብኝት ነበር። አወጣሁት። በቦታው ምንም አላስገባሁም፣ ቡናው እስከ በረካ ድረስ እንዲቆይ ለቀቅኩት። አሁን የሚመጣው መልስ ጊቤ ላይ ስለሚቆመው ምሳ ቤት ነው፣ ለእሱ ሌላ ቦታ እያፈላለግኩ ነው።